መጣጩ የቆመበት ቦታ

ለባለቤቴ፣ ለታዱዬ፤

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ እጄ ቆመ። እኔ የድሮ ተማሪ ነኝ፤ ደብዳቤ በሌላ መንገድ የሚጀመር አይመስለኝም። አንቺ ግን ይህን ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂብኝ ነበር። ስለዚህ ያንቺን ጤና ትቼ የራሴን ልንገርሽ። ደህና አይደለሁም። ካረፍሽ አንድ በጋና አንድ ክረምት አለፈ፤ ጓሯችን ያለው ማንጎ ያላንቺ እንደገና ማበብ ጀምሯል። ሰዉ ሲያገኘኝ «እየለመድከው ነው?» ይለኛል፤ እኔም «አዎ» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ዝም ያለ ቤት ግን አይለመድም ታዱ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የፓምፕ ጩኸት ስሰማ እውልና፣ ቤት ስገባ ጆሮዬ ራሱ ያንቺን የራዲዮ ሙዚቃ ፈልጎ ያጣል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። አከራያችን ግቢውን ቀለም ቀብተውታል፤ አንቺ የምትጠዪው ያ የጎመን አረንጓዴ ቀለም ነው። በመስኮቱ ሥር የተከልሽው ሽፈራው ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ ቅጠሉን ግን የሚቀጥፍለት ሰው የለም። ፍራሹ ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ባለው ጠርዝ ነው የምተኛው፤ መሃል ልተኛ ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም። ብሩሾችሽ ከነቲማቲም ጣሳቸው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የጣሳው ውሃ በዚህ በእኛ ሙቀት ቶሎ ይተናል፤ ዝቅ ሲል እሞላዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ውሃው ያንቺን ሰማያዊ ይዞ ነበር፤ አሁን እየሞላሁት ቀለሙ ጠፍቷል። ደፍቼ ጣሳውን ላጥበው ግን አልቻልኩም። የከተማውን ውሃ የሚያስተዳድር ቴክኒሻን አንድ የቲማቲም ጣሳ ሲጠብቅ ብታዪ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እንኳን አላየሽ።

አሳሽም ደህና ነው። ሲቀላ ሠፈር አስፋልቱ ዳር ያለው አሳ ቤት ግድግዳ ላይ የሳልሽውን ማለቴ ነው፤ ያ ሽፋሽፍት ያለውን ቆሮሶ። ባለቤቱ «አሳ ሽፋሽፍት የለውም፣ ገንዘቤን መልሺ» ብሎ ሲጮህብሽ፣ አንቺ መሰላሉ ላይ ሆነሽ «ቆይ፣ ኩልም እጨምርለታለሁ» ያልሽው ትዝ ይለኛል። አሁን ሰው ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ባለፈው ሰውዬው የቤቱን ስም በአዲስ ባነር ሲያሠራ አሳውን አልነካውም። ፀሐይ ቀዩን ቀለም በልታበታለች እንጂ አሁንም ያው ጥቅሻውን ይጠቅሳል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ በኩል እዞራለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሆንኩ ሾፌሩን «ቀስ በል» እለዋለሁ።

ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ስለ መጽሐፋችን ነው። አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ካልተነሳሁ ነገር አይወጣልኝም። ታሪክ ሳወራ ሁሌ የምትቆጪኝ በዚህ አልነበር? እንግዲህ ዛሬም ታገሺኝ።

ያኔ እኔ ከደብረ ማርቆስ ውሃ ምህንድስና ልማር መጥቼ፣ ተመርቄ፣ እዚሁ ሥራ ይዤ የቀረሁ ልጅ ነበርኩ። አንቺ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት ተቀጥረሽ ታፔላ ትጽፊ ነበር። ከጫካው ውስጥ፣ ምንጮቹ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ዝንጀሮ ስትስዪ አገኘሁሽ። ላስደንቅሽ ብዬ ውሃው ከመሬት ሥር እንዴት እንደሚወጣ፣ በየትኛው ቱቦ ዳገቱ ላይ እስካለው ሴቻ ሠፈር ድረስ እንደሚገፋ አብራራሁልሽ። ሰምተሽ ሰምተሽ «የሚጠብቀውስ ማነው?» አልሽኝ። እኔ ሞኙ «ዘበኛ አለው» አልኩሽ። ዝንጀሮዎቹ እስኪሸሹ ድረስ ሳቅሽ። ከፓምፑ በፊት፣ ከከተማው በፊት፣ ሰው ሳያውቀው ማን ይጠብቀው እንደነበር ነበር የጠየቅሽኝ። ያን ቀን ጠባቂዎቹ ተወለዱ።

ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ጠባቂ ሰጠነው። ሰው ይመስላሉ፣ ግን ሰው አይደሉም፤ ምንጩ እስካለ አይሞቱም። እኔ እሑድ ከሰዓት ምዕራፍ እጽፋለሁ፣ አንቺ ትስያለሽ። ፀጉሯ እንደ ውሃ የሚፈሰውን ትንሿን ጠባቂ ጠል አልናት። አዞ ጀርባው ያልነውን፣ በጀርባው የአዞ ቆዳ ያበቀለውን ጠባቂ እኔ አስፈሪ አድርጌ ስጽፈው፣ አንቺ ምሳ የበዛበት ሰውዬ አስመስለሽ ሳልሽው። የአንዱን ልብስ የአባያን ውሃ ቀለም አለበስሽው፤ ያን ቡናማ ለማግኘት የሸክላ አፈር ከቀለም ጋር ስታሺ ጠረጴዛችን ተበላሸ። ትልቁን ጠባቂ፣ ሽማግሌውን፣ ስትስዪ ግን አልቀለድሽም። እጆቹ ሸማ የሚሠሩ እጆች ነበሩ፤ ረጃጅም፣ አንጓቸው ያበጠ። ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ የወላጆችሽ ቤት መጀመሪያ ስሄድ፣ አባትሽ ጋሽ ሻንቆ ከሸማ ሥራቸው ተነስተው ሲጨብጡኝ፣ የጨበጡኝን እጅ ቀድሜ በወረቀት አውቀው ነበር።

ክፉውንም አብረን ፈጠርነው። መጣጩ። ከደረቅ ምድር የተነሳ፣ ጥሙ የማይቆርጥለት፤ ምንጩን አንድ በአንድ መጥጦ እያደረቀ የሚመጣ። አንድ ምንጭ በደረቀ ቁጥር ጠባቂው ድንጋይ ይሆናል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሱ አመጣጥ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ የቀሩት ጠባቂዎች ከመጨረሻዋ ምንጭ ፊት ለፊት ይገጥሙታል።

እዚያ ላይ ነው የተጣላነው። እኔ ጦርነቱን ብዙ ገጽ ጻፍኩት። የእሳት ጎራዴ ነበረው፣ መብረቅ ነበረው፤ አዞ ጀርባው የመጣጩን ክንድ ይገነጥል ነበር። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥሽና «ይሄንን አልስልም» አልሽኝ። የኛ ጠባቂዎች እንዲህ አይዋጉም አልሽ። ተራራ ላይ፣ በአባቶችሽ አገር፣ ጠብ ሲነሳ ትልልቆቹ እርጥብ ሳር ይዘው በመሃል ይንበረከካሉ፤ ያን ሳር ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ጠባቂዎቹም ከመጣጩ ፊት ሳር ይዘው መንበርከክ አለባቸው ነበር ያልሽው።

ሥርዓቱ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ዱላ ይዞ የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ሽማግሌዎቹን ተንበርክከው ሲያይ ዱላውን ጥሎ ሲመለስ አይቻለሁ። አከብረዋለሁም። ግን ለልብ ወለድ አይሆንም ብዬ ተከራከርኩሽ። ጀግኖቹ ተንበርክከው የሚያልቅ መጽሐፍ ማን ይገዛል? አንባቢ እስከዚያ ድረስ የመጣው ለጦርነቱ ነው። ደግሞስ መጣጩ ሳር ይፈራል? እርጥብ ነገር ምግቡ አይደለም? እንዲህ ብዬ ያሸነፍኩሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን አይፈራም፣ ያፍራል አልሽኝ። እኔም ጭራቅ አያፍርም አልኩሽ። «አንተ እዚያ ቆመህ አታውቅማ» አልሽና ተነስተሽ ሄድሽ። እዚያ ያልሽው የት እንደሆነ አልገባኝም፤ ኦቾሎ፣ ሸንጎው ያለበት ሜዳ መሰለኝ።

ከዚያ የኩላሊትሽ ሕመም መጣ። ያንን አልጽፈውም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የመጨረሻዋን ስዕል አልጋ ላይ ሆነሽ ነው የሳልሻት። የምግብ ትሪ ጭንሽ ላይ ገልብጬልሽ፣ ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ ይዤልሽ። እጅሽ ሲደክም ታስቀምጪዋለሽ፣ ደግሞ ታነሺዋለሽ። አንድ ቀን «አለቀ» ብለሽ ሰጠሽኝ። ያየሁት ሳር ብቻ ነው፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት እርጥብ ሳር፣ ሳሩን የያዙ እጆች፣ ያጎነበሱ ራሶች፣ ፀጉራቸው የሳሳ መሃል አናት ሳይቀር። ከፊት ለፊት ደግሞ ባዶ፤ ምንም ያልተሳለበት የወረቀቱ የታችኛው ጠርዝ። «መጣጩስ?» ብዬ ጠየቅኩሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ አልሽ። ጉልበት አጥሯት ነው፣ ሳትጨርሰው ነው አልኩ በሆዴ። በጥጉ ላይ ትንሿን አሳሽን አይቻለሁ፤ ሥራ ሲያልቅ ብቻ የምታደርጊያትን፣ ከነሽፋሽፍቷ። እሷንም የመሰናበቻ አድርጌ ተረጎምኳት። ባንቺ በኩል ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር፤ እኔ ነኝ ባዶውን ቦታ እያየሁ ያለቀስኩ።

ካረፍሽ በኋላ የሆነውን አታውቂውም። እኔ እዚሁ፣ ሠፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን ልቀብርሽ ነበር ያሰብኩት። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሜ «ዛሬም ውሃ ጠፍቶ ሰዉ ሰደበኝ» ልልሽ። አባትሽ ግን ከዘመድ ሁሉ ጋር ሆነው መጡና «እናቱ ጎን ነው የሚተኛው» አሉ። አማርኛቸውን ታውቂዋለሽ፤ አንቺን «እሱ» ሲሉሽ ሁሌ እንስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቅኩም። ብዙ ሰው ነበር፣ እኔ አንድ ነበርኩ፤ የኔ ወገን ገና ከደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ነበር። መኪናው የላንቴን መንደር አልፎ ወደ ተራራው ሲታጠፍ ከጎንሽ ተቀምጬ ነበር። ስንመለስ በሰው ሁሉ ፊት «ልጅዎን ከኔ ነጠቁኝ» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት።

ለተዝካርሽ አልወጣሁም። ሲደውሉ ስልኩን አላነሳም ነበር። ቢሮ ውስጥ ወንበሬ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ነበር የሚያየው፤ አዙሬ ግድግዳ እያየሁ መሥራት ጀመርኩ። ሰው ሲናደድ ብቻውን የሆነ አይመስለውም ታዱ፤ ቁጣው አብሮት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል። እኔም እንደዚያ ሆንኩ። ቁጣዬን ካልያዝኩ ባዶ ቤት ብቻ እንደሚቀረኝ ስለማውቅ አጥብቄ ያዝኩት። ያ ሁሉ ወር ስላንቺ ከማሰብ ይልቅ ስለሳቸው ሳስብ ነው ያለቀው፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በዚህ መሃል ከአዲስ አበባ አሳታሚ ተገኘ። አርታኢዋ ስትደውልልኝ ድምጿ ራሱ ደስ ይላል። ስዕሎችሽን እንዴት እንደወደደቻቸው ልነግርሽ አልችልም፤ አዞ ጀርባውን የቢሮዋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። የመጨረሻውን ግን «ያው ሳይጠናቀቅ የቀረ ነው፣ እንረዳለን» አለችኝ። በኮምፒውተር የሚስል ጎበዝ ወጣት እንዳላቸው፣ እኔ በጻፍኩት መሠረት ጦርነቱን ሊሠራው እንደሚችል ነገረችኝና ናሙናውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ሽማግሌው ጠባቂ የደረቱ ጡንቻ ከሸሚዙ ወጥቷል። ጠል ካባ ለብሳ ትበራለች። መጣጩ ቀንድ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ከዓይኑ እሳት ይወጣል። አሪፍ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ የጻፍኩት ቁልጭ ብሎ መጣ። ቆይቶ ግን ከመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጅሽ እንደሚጠፋ አሰብኩ። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ አልኳት። ልቤ ግን ወደ እሺታው አድልቶ ነበር፤ ካንቺ ወዲያ ያንን ባዶ ቦታ የሚሞላ ሌላ ማንም አልነበረምና።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ ላሰጣ በሩን ከፈትኩ።

አባትሽ ደፍ ላይ ተንበርክከው ነበር። ከኋላቸው ሁለት የኦቾሎ ሽማግሌዎች። ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ እርጥብ ሸሚዝ ክንዴ ላይ ይዤ ከፊታቸው ቆምኩ። ሳሩን ከተራራው ነው ይዘውት የወረዱት፤ የቆላው ሙቀት እንዳያጠወልገው በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው። ቅጠሉ ተፈትቶ ከጎናቸው ወድቋል። ከሳሩ ላይ ውሃ በሲሚንቶው ደፍ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አባትሽ አቀርቅረው፣ ለመሬቱ የሚናገሩ ይመስል «ታደለች የኔም ነው፣ ያንተም ነው» አሉ። ቀጥለውም «እዚያ ብቻውን ነው፤ አንተ አልመጣህም» አሉኝ።

ስንት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ልብስ ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ፣ ፓምፑ ሥር ቆሜ ስደጋግመው የኖርኩት። እሳቸው የልጅ አባት፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው፤ እኔ ከልጃቸው ብዙም የማልበልጥ። መውጣት ብፈልግ በሳሩ ላይ ነው የምወጣው። ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ። እርጥብ ሳር፤ አንጓቸው ያበጠ ጣቶች፤ ያጎነበሰ ራስ፤ መሃሉ የሳሳ አናት።

ይህን አይቼው አውቃለሁ።

ስዕልሽ ነበር ታዱ፣ እንዳለ። እኔ መጣጩን በወረቀቱ ላይ ስፈልግ ነው የከረምኩት፤ አንቺ ግን መጀመሪያውኑ እዚያ አልሳልሽውም። ወረቀቱን የያዘ ሰው ነው መጣጩ። የሚያየው እሱ ነው፤ ቁልቁል፣ ከቆመበት። እዚያ ቆመህ አታውቅም ያልሽኝ እዚህ ነው። ቆምኩ። አልፈራሁም፤ አፈርኩ። ፊቴ እስኪግል፣ ሸሚዙ ከእጄ እስኪወድቅ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳነሳ አላውቅም፤ እኔም ተንበርክኬ ነበር፣ አባትሽ ራሴን ይዘው ያለቅሱ ነበር፤ ጣታቸው የጥጥ ሽታ አለው። ስላንቺ ከሰው ጋር ሆኜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው የመጀመሪያዬ።

ቤት አስገባኋቸው። ሻይ አፈላሁ፣ ስኳሩ በዛ። ከዚያ ስዕሉን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ፣ አንድ ነገር መጣልኝና፣ ለአባትሽ በእጃቸው አልሰጠኋቸውም። ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ዘረጋሁት። መነጽር የላቸውምና ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። የራሳቸውን እጅ እንዳወቁት ታውቆኛል፤ አውራ ጣታቸውን በሌላው እጅ ሲዳስሱ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና፣ እግራቸውን አንስተው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሳሩን እንዳይረግጡት።

ሰኞ ለአርታኢዋ እምቢ አልኳት። የወጣቱን ልጅ ሥራ አመስግኜ፣ ስዕልሽ ያለቀ መሆኑን፣ ያላለቀው የኔ ጽሑፍ እንደነበር ነገርኳት። ክፉው የሌለበት የመጨረሻ ገጽ አንባቢ ግራ ያጋባል ብላ ተከራከረችኝ። የራሴን ክርክር በሷ አፍ ስሰማው እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግርሽ አልችልም። ወለል ላይ አስቀምጠሽ ከላይ ቆመሽ እዪው አልኳት። ከሰዓት መልሳ ስትደውል ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። ከሥሩ አንድ ማብራሪያ እናድርግበት ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ አይሆንም አልኩ፣ እሺ አለች። የጦርነቱን ገጾች በሙሉ አወጣኋቸው። እዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ያፈሰስኩትን ደም ስሰርዝ ትንሽ ቆጨኝ፤ አዞ ጀርባውም ክንድ ሳይገነጥል መቅረቱ ነው። አሁን የመጨረሻው ምዕራፍ «መጣጩም መጣ» ብሎ ያበቃል። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ያንቺ ሳር ነው። ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ተሻግሮ ይሂድ ወይም ይመለስ፣ የመጽሐፉ ባለቤት እሱ ነው። ማተሚያ ቤት ከገባ ቆየ፤ ሽፋኑ ላይ ስምሽ ከስሜ በፊት ነው። ይህን ሳልጠይቅሽ ነው ያደረግሁት።

ከአባትሽ ጋር ኦቾሎ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ እየቆረጠ፣ እሳቸው እየጠበቁኝ። መቃብርሽ አጠገብ ሲቆም አባያ ከታች ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ቡናማ፣ ሰፊ፣ ያንን ጠረጴዛ ያበላሸሽበትን ቀለም የለበሰ። እዚያ ለምን እንደፈለጉሽ ሳይናገሩ ገባኝ። ስለ ውሃ መጥፋትና ስለሰደቡኝ ሰዎች አወራሁልሽ፤ አባትሽ ዘወር ብለው ቆሙልኝ። ስወርድ ግን ያው ነው፤ መኪናው ሲቀላ ሲያደርሰኝ፣ ቁልፉን ስከፍት፣ ቤቱ ያው ዝም ያለ ነው። ታረቅሁ እንጂ አልዳንኩም። ያኔ ቁጣዬ ነበር አብሮኝ የሚቀመጥ፤ አሁን እሱም የለም፣ ያላንቺ ብቻዬን ነኝ። እንደዚህ መሆኑ ይሻላል መሰለኝ። ቢያንስ አሁን የሚጎድለኝ አንቺ ነሽ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

የቢሮ ወንበሬን ወደ ሰሜን መልሼ አዞርኩት። ደመና በሌለበት ቀን የተራራው ጫፍ ይታየኛል።

ያን ዕለት አባትሽ ሲሄዱ ሳሩን ትተውልኝ ሄዱ። የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም። ብሩሾችሽን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ውሃውን ስሞላ የቆየሁት ለሱ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፣ በኋላ ግን ያው ደረቀ። አላወጣሁትም። እዚያው አለ፤ ገለባ ሆኖ፣ በብሩሾችሽ መሃል።

አልረሳሽም ታዱዬ። ይህን ቃል ሁሉም ለሞተበት ሰው እንደሚል አውቃለሁ፣ ስለዚህ የኔን ቃል በሌላ መንገድ ልስጥሽ። ሆዴ እንደገና ሲደርቅ፣ ሰው ላይ ስነሳ፣ ቂም ይዤ በር ልወጣ ስል ያንቺ ሳር ደፌ ላይ እንዳለ አስባለሁ። ወዳንቺ እስክመጣ ድረስ እዚሁ ቆሜ አየዋለሁ፤ አልሻገረውም።

ያንቺው ጌታሁን